የጅቧ ቀሚስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ አንገት እየጠለፍሁ ሳለ ስልኬ ነዘረ። አነሣሁት። «የዘንድሮው ድምፅ መስጫ ተከፍቷል፤ የወደዳችሁትን ምረጡ» ይላል። ለሌላው ሰው መልካም ዜና ነው። እኔ ግን መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ትንሽ ተቀመጥሁ። ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ያ መልእክት በመጣ ቁጥር ግን ዛሬም ሥራዬን አቆማለሁ።

የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አባቴ ሲሞት ከገጠር ወደ ወገዳ መጥቼ በጋሽ ሁሴን ልብስ ስፌት ቤት ጥልፍ ጠላፊ ሆንሁ። ጋሽ ሁሴን ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። እኔም ሰው ፊት ቃል የሚያንቀኝ ስለሆንሁ ተስማማን። እሳቸው በስፌት መኪናው፣ እኔ በመርፌው፣ አሥር ቃል ሳንለዋወጥ ቀኑ ይመሻል። ጥልፍ ከመጀመሩ በፊት ንድፉ ጨርቁ ላይ ይሣላል፤ እጄ ሥዕል የለመደው በዚያ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በአሮጌ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ እንስሳ እሥል ነበር፤ እንደ ሰው አልብሼ። ካባ የደረበ በሬ፣ ጃንጥላ የያዘች ዶሮ። ሰው ስሥል የሣልሁት ሰው መልሶ የሚያየኝ ይመስለኛል፤ እንስሳ አያሳፍርም።

አንድ ቀን ስልኬን ስጎረጉር እንደኔ ያሉ ሰዎች አገኘሁ። እንስሳን እንደ ሰው አልብሰው የሚሥሉ፣ እንደ ሰው አናግረው ተረት የሚጽፉ ወጣቶች ግሩፕ ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከውጭ አገርም አሉበት። በሌላው ዓለም የዚህ ነገር ወዳጆች ብዙ እንደ ሆኑ፣ የቀበሮና የተኩላ ልብስ ሰፍተው፣ ለብሰው የሚሰበሰቡም እንዳሉ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ የዓመቱን ሥዕልና የዓመቱን ተረት ይመርጣሉ። ዳኛ የለም። አባሉ ሁሉ ለሰባት ቀን ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው የወደደው ያሸንፋል። ሽልማቱ ክብር ብቻ ነው፤ ያሸነፈው ሥዕል ዓመቱን ሙሉ በግሩፑ አናት ላይ ይቆያል። እኔ እውነተኛ ስሜን ሳልሰጥ ገባሁ።

ያን ዓመት ጥቅምት ነበር። የገብስ እሸት በየደጁ ይጠበሳል፤ የመንገዱ ጭቃ ደርቆ፣ በክረምት የመኪና ጎማ ያረሰው ቦይ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ለውድድሩ ጅብ ሣልሁ። ጅብን ሁሉም ይሰድባታል፤ እኔ ገበያ የምትሄድ ባለሙያ ሴት አደረግኋት። እንስራ አሳዘልኋት፣ ዓይኗን ደከም አደረግሁት፣ ከኋላዋ የወገዳን ቆርቆሮ ቤቶችና ባሕር ዛፎች ሣልሁ። ምን እንደማለብሳት ሲቸግረኝ እጄ የሚያውቀውን ቀሚስ አለበስኋት።

ቀሚሱ የእትዬ አንጓች ነበር። እትዬ አንጓች ከወንዙ ማዶ እየመጡ ቅዳሜ ቅዳሜ እንስራና ድስት የሚሸጡ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ለፋሲካ የጠለፍሁላቸው እኔ ነኝ። አረንጓዴው ክር አልቆብኝ የግራውን እጅጌ በሰማያዊ ስጨርሰው ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁና «ቀኜ መስክ፣ ግራዬ ሰማይ፤ ምን ጎደለኝ?» አሉኝ። ሥዕሉ ላይም እጅጌውን ሰማያዊ አደረግሁት። እጄ ሌላ አያውቅም።

ጅብ፣ እንስራ፣ የሸክላ ሠሪ ቀሚስ። የአገሬ ሰው እነዚህን አንድ ላይ ሲያይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ሲጨልም ጅብ ትሆናለች ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች «ዓይኗ እንዴት ያሳዝናል!» «ይቺን እናቴን አስመሰልሽብኝ!» እያሉ ሲጽፉልኝ፣ እኔም ለጥቂት ቀን የምኖረው ወገዳ መሆኑን ረሳሁት። በአራተኛው ቀን ጅቧ አንደኛ ነበረች። በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። የምበላው እሸት እንኳን ጣዕሙ የተለየ መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ተማሪዎች በረንዳችን ላይ ቆመው ስልክ እያዩ ይስቃሉ።

«ኧረ እያት! አንጓች እኮ ናት!»

«አትቀባጥር።»

«እጅጌዋን አታየውም? አንዱ ሰማያዊ ነው። እንዲህ ያለ ቀሚስ ሌላ ማን አለው? የሣላት ሰው ስትለወጥ አይቷት ይሆናል።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ሥዕሌ ለካ ከግሩፑ ወጥቶ ወገዳ ገብቷል። ልጆቹ ሲሄዱ ጋሽ ሁሴን መኪናውን አቆሙ። ወደኔ ሳይዞሩ፣ «እኔም አይቻታለሁ፤ ትናንት ሱቅ ውስጥ አሳዩኝ» አሉ። «የማን እጅ እንደ ሆነ አልጠፋኝም። ክሩ የኔ ነው።»

የተወጋውን ጣቴን በጨርቅ ጠቀለልሁ።

ያን ሰሞን ሙሉ የምትባል የሠፈራችን ሴት ሕፃን ልጇ ታሞባት ነበር። ሦስት ቀን የጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ሙሉ ባለፈው ቅዳሜ ከእትዬ አንጓች ድስት ስትገዛ ልጇን አዝላው ነበር፤ እሳቸውም «ሲያምር!» ብለውታል። ይህን ለጎረቤት ስትናገር መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ሥዕሉ ከስልክ ስልክ ሲዞር ግን ሁለቱ ነገር ተገናኘ። ከሰዓት በኋላ ውኃ ስቀዳ የሙሉን ወንድም ሰማሁት።

«ቅዳሜ ትመጣ የለ? ልጁ ላይ እንትፍ ትበልና ትልቀቀው።»

«እምቢ ብትልስ?» አለው ጓደኛው።

«እምቢ ካለች ቤቷን እናውቀዋለን። ሣር ቤት ነው።»

ጀሪካኑን ሳልሞላ ተመለስሁ። ሣር ቤት በምን እንደሚጠፋ ማንም ያውቃል። ወዲያው ለግሩፑ አስተዳዳሪ ጻፍሁ፤ «እባክህ ሥዕሌን አውጣልኝ።» እሱም «ምን ነካሽ? ሁለት ቀን ቀርቶሽ! እየመራሽ እኮ ነው» አለኝ። ደግሜ ለመንሁት። ምክንያቱን ለአዲስ አበባ ልጅ እንዴት ብዬ ላስረዳው? «ሰው ይጎዳል» አልሁት። አወረደው። ጅቧ ከውድድሩ ጠፋች፤ ከወገዳ ስልኮች ግን አልጠፋችም። በረንዳ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ላይ፣ በየሄድሁበት ያቺ የደከመች ዓይን ታየኛለች።

ዓርብ ዕለት ወንዙን ተሻግሬ እትዬ አንጓችን «ነገ አይምጡ» ማለት ነበረብኝ፤ መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው። አልሄድሁም። ለምን ሄደች፣ ምን ታውቃለች ብለው እንዳይጠረጥሩኝ ፈራሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን ከሳቸው ቤት ይልቅ ለራሴ ስም ነበር የፈራሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ወደ ማታ ጋሽ ሁሴን ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ፣ «ትርንጎ፣ በኛ አገር የበደለ ሰው ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ድንጋይ ይሸከማል» አልሁ።

«እንግዲህ» አሉና ቁልፉን አዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤታችን ጀርባ ካለው ካብ አንዱን ድንጋይ አወጣሁ። ጤዛ አርሶታል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ አንገቴ ላይ አደረግሁት። ትንሽ ነው ብዬ የመረጥሁት ድንጋይ ገበያው ዳር ስደርስ የሁለት ሰው ሸክም ሆነ። አንገቴን ቀና ማድረግ ስለማልችል የማየው እግር ብቻ ነው። የላስቲክ ጫማ፣ የበግ እግር፣ የተደፋ ጤፍ።

«ትርንጎ፣ ወፍጮ ልትሸጪ ነው?» አለ አንዱ። ሳቁ። ከዚያ ሌላው «ዝም በል፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው» አለው፤ ሳቁ ቆመና እግሮቹ ተከተሉኝ።

ሸክላ ተራ ስደርስ እንደ ምንም ቀና አልሁ፤ ቀድመውኝ ነበር። ሙሉ ልጇን ይዛ ቆማለች፤ ወንድሟና ሁለት ጎረምሶች እትዬ አንጓችን ከበዋቸዋል።

«እንትፍ በይ ብያለሁ!»

«ምን አድርጌ ነው በሰው ልጅ ላይ የምተፋው?» ይላሉ እትዬ አንጓች። የለበሱት ያንኑ ቀሚስ ነው፤ ሰማያዊውን እጅጌ አየሁት።

በመካከላቸው ተንበረከክሁ። በእትዬ አንጓች እግር ሥር ግንባሬን ደፋሁ። ድንጋዩ አንገቴ ላይ አለ።

«ምን ሆንሽ፣ አንቺ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«አልተሰማም! ጮክ በይ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ሕይወቴን ሙሉ ጮኼ አላውቅም። የዚያን ዕለት የወጣው ድምፅ የማን እንደ ሆነ እንጃ። «ጅቧን የሣልኋት እኔ ነኝ! የእርስዎን ቀሚስ የወሰድሁት የጠለፍሁት እኔ ስለሆንሁ ነው! ማንም ሲለወጥ አላየሁም! ዋሽቼም፣ አውቄም አይደለም፤ ሥዕል ነው! ይቅር ይበሉኝ!»

የእትዬ አንጓች እግር ካለበት አልተነቃነቀም። የበዳይ ድንጋይ የሚወርደው ተበዳዩ ሲፈቅድ ነው። አንድ ሽማግሌ «አንጓች፣ ልጅቱ አንገቷ ሊቀጠፍ ነው፤ አውርጂ በያት» አሉ።

«ትንሽ ትሸከመው» አሉ እትዬ አንጓች። «እኔ እዚህ ቆሜ የተሸከምሁት ይከብዳል።»

ተሸከምሁ። እንባዬ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ጎንበስ ሲሉ የእጃቸው ጭቃ ሸተተኝ። «በቃ፣ አውርጂው» አሉኝ። «ቀስ ብለሽ! እንስራዬ ላይ እንዳትጥይብኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ በዚያች ሳቅ ገበያው ሁሉ ተነፈሰ። ሽማግሌው ለሙሉ ወንድም «ይኸው፣ ነገሩ ታረቀ። ከዚህ በኋላ እጁን ያነሣ ሰው ዕርቅ አፍራሽ ነው» አሉት። በኛ ዘንድ ዕርቅ አፍራሽ መባል ቀላል አይደለም፤ ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ዞር አሉ። ሙሉ ብቻ ቀረች።

«ልጅሽን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ እኅቴ» አሏት እትዬ አንጓች። «የኔ ምራቅ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንስራ ተሸክሜ እወጣ ነበር?»

ወሰደችው። በሳምንቱ ልጁ ዳነ። የዓመቱን ሥዕል ሌላ ሰው አሸነፈ፤ መነጽር ያደረገች ጥንቸል ነበረች፤ ታምራለች። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ። ግን የሚቀጥለው ክረምት ሲያልፍ እትዬ አንጓች ወገዳ መምጣት ተዉ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ገዢያቸው ነው ቀስ በቀስ የተመናመነው። አሁን ራቅ ብሎ ያለ ሌላ ገበያ ይሄዳሉ። አልፎ አልፎ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ ጉልበታቸው እንደ ደከመ አያለሁ።

ዛሬም በግሩፑ ውስጥ አለሁ። ድምፅም እሰጣለሁ። ከመምረጤ በፊት ግን ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየዋለሁ። በማላውቀው አገር የተሣለው ቀበሮ የማንን ኮት ለብሶ እንደ ሆነ፣ በዚያ ሰፈር ያ ኮት ምን እንደሚያስወራ ማን ይነግረኛል? ብዙ ጊዜ ምንም የለበትም። እኔ ግን ሳልፈራ መርጬ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ክር ልገዛ በሸክላ ተራ ሳልፍ አንዲት እንግዳ ሴት ባዶ ቦታ አግኝታ ጆንያ ልትዘረጋ ስትል ከጎኗ ያለችው ከለከለቻት።

«እዚያ አትዘርጊ።»

«ምን አለበት?»

«እንጃ። አይቀመጡበትም።»

የእትዬ አንጓች ቦታ ነበር። ማለፍ እችል ነበር፤ እግሬም ጀምሮት ነበር።

«ተቀመጪበት» አልኋት። «የአንዲት ሸክላ ሠሪ ቦታ ነው። ቦታውም ምንም የለበት፣ እሳቸውም ምንም አልነበረባቸው።»

ሴትዮዋ ሽቅብ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ጅቧን የሣልኋት ነኝ» አልኋት።

ነገሩ አልገባትም። ጆንያዋን ግን ዘረጋችና ሽንኩርቷን አፈሰሰች።