የተጯጯህንበት ማሽን

ያስገቡኝ ቤት የቡና መጋዘን ነበር። ቴፒ ውስጥ እስረኛ በዝቶ ጣቢያው ስለጠበበ ነው አሉ። ጆንያዎቹ ወጥተዋል፤ የጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ አቧራ ግን ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ገና ከበሩ ጉሮሮዬን ያሳክከኝ ጀመር። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። ከጥጉ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«አሁንም ቶካማክ ነው የምትለው?»

ባልደረባዬ ነበር፤ የማሻ ልጅ፣ እንደኔው በዩኒቨርሲቲው ግቢ የፊዚክስ መምህር። ከኔ በፊት ይዘውታል። ሳየው አዘንኩ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ሁለቱንም አልደብቅም።

የተያዝነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎች ጋር በምናደርገው ክርክር ሰበብ ነው። ፀሐይ የምትነድበትን መንገድ፣ ማለትም የአቶም አስኳሎችን አዋህዶ ኃይል ማግኘትን፣ ምድር ላይ በየትኛው ማሽን ማምጣት ይቻላል እያልን ነበር የምንከራከረው። እኔ ቶካማክ ለሚባለው ማሽን፣ እሱ ስቴላሬተር ለሚባለው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ይህ ለአንዳንዱ ሰው ቅንጦት ነው፤ ለአሳሪዎቻችን ደግሞ የፖለቲካ ስብሰባ መሸፈኛ መሰላቸው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ ከሁለታችን አንዳችን የተማሪዎቹን ስም ሰጥተን እንድንፈርም። ከፈረምን ልጆቹ ይለቀማሉ።

እኛ ክርክሩን ከቆመበት ቀጠልን። ዝም ካልን ጥፋት ነበረብን ማለት ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬም አቋሜ ያው ነው።

የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ከሚዛን የመጡ የማር ነጋዴ ሽማግሌ ነበሩ። «ከተጣላችሁ አይቀር ለእኛም በሚገባን አድርጋችሁ ተጣሉ» አሉን። ስለዚህ የኔ ቶካማክ ቦንቦሊኖ ሆነ፤ የጋለው ጋዝ በቀለበቱ ውስጥ ይዞራል፣ ማግኔት ከግድግዳው ያርቀዋል። የሱ ስቴላሬተር ደግሞ ተጠምዝዞ የተጨመቀ ነጠላ፣ ጫፍና ጫፉ የተገናኘ።

ካቦው ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡበት። «ይሄ የተጠማዘዘው ሲበላሽ ቴፒ ውስጥ ማን ይጠግነዋል?»

«ይኸው» አልኩ።

«ቦንቦሊኖውስ ሳይበላሽ ይኖራል?» አለ ባልደረባዬ። ክፍሉ ሳቀ።

ዝናቡ እዚያ አገር አንዴ ከያዘ አይለቅም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠንም ካልጮህን አንሰማማም። ከምሳ በኋላ ስንጯጯህ እንውላለን፤ እሱ ተሳስተሃል ይለኛል፣ እኔ የማይገባህ አንተ ነህ እለዋለሁ። ዘበኞቹ ይህን ሰምተው ሁለቱ ደመኞች ናቸው ብለው ለመርማሪው አወሩ።

አንድ ጠዋት መርማሪው ሁለታችንንም አስጠራን። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ወንበር ሰጠን።

«እንደማትዋደዱ ሰምቻለሁ» አለና ወደ ባልደረባዬ ዞረ። «በዚህ ሰው የተነሳ ነው እዚህ ያለኸው። ቅዳሜ ተማሪዎቹን ምን ይላቸው እንደነበር ንገረኝ፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

የባልደረባዬ ሚስት ልትወልድ ተቃርባ ነበር። እኔም አውቃለሁ፣ መርማሪውም ያውቃል። ባልደረባዬ አላየኝም። ይናገር ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«ከባድ ስህተት ነው ሲያስተምር የነበረው» አለ።

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ።

«የሱ ማሽን ጋዙን ይዞ ለማቆየት በጋዙ በራሱ ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈልጋል። ጅረቱ በድንገት ከተቋረጠ የማሽኑ ግድግዳ ይጎዳል። ስንት ጊዜ ነገርኩት፤ አይሰማም።»

የመርማሪው እጅ መሀል መስመር ላይ ቆመ። «ይሰሙት የነበሩት እነማን ናቸው?»

«እሱን ስከራከር የማንንም ፊት አላይም። ያልኩት ይጻፍልኝና እፈርማለሁ።»

ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድፍረት ያዘኝ። «እኔም መልስ አለኝ» አልኩ። «የሱ ማሽን የማግኔት ጥቅልሎች ትንሽ ከቦታቸው ከተዛነፉ ጋዙ ያመልጣል። ይህም ይጻፍ።»

«ተጠንቅቀው ከሠሩት አይዛነፍም» አለኝ ባልደረባዬ።

«እንደዚያ ተጠንቅቆ የሚሠራው ማን ነው?»

የዚያን ዕለት ዝናብ አልነበረም። ቢሆንም ጮህን።

መርማሪው ወረቀቱን ጨምድዶ አስወጣን። ፀሐይ መሞቅ ተከለከልን፤ ልጁም የተወለደው አባቱ መጋዘን ውስጥ እያለ ነው። ከተማሪዎቹ ግን አንድም አልተያዘም።

ከተፈታን ቆይቷል፤ አሁን እኔ ሚዛን ነኝ፤ እሱ ቴፒ ቀርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልልኛል። ከሁለቱ ማሽኖች የትኛው እንደሚያዋጣ ዓለምም ገና አልቆረጠለትም፤ የካቦውም ጥያቄ እንዳለ ነው። እሱ ዘንድ ሲዘንብ የቤቱ ቆርቆሮ በስልኩ ይሰማኛል፤ ያኔ እንደ ድሮው እንጯጯሃለን። ባለቤቴ ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ይሰማል ትለኛለች።

ይስማ።