ሽንኩርቷ በያጅ ሆነች

የገበያ አዳራሹ ጣሪያ አንድ ጎኑ ሲደረመስ ደግነቱ የእረፍት ቀን ነበርና ሰው አልተጎዳም። ገበያው ግን ተዘጋ። እናቷን ተክታ እዚያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት፣ ሰው ሁሉ «ሽንኩርቷ» የሚላት፣ ከነጓዟ መንገድ ዳር ወጣች። ፀሐይ ሲከርር ሽንኩርቱ ይበላሽባታል፤ ዝናብ ሲመጣ እሷ ሸራ ስትወጥር ደንበኛው እግሬ አውጪኝ ይላል።

ከዓመታት በኋላ አዳራሹ ይታደሳል ተባለ። ምድር ቤቱ እንደ ድሮው ገበያ፣ ፎቁ ደግሞ ለሰፈሩ መሰብሰቢያና ለልጆች ማንበቢያ ሊሆን። የቀን ሠራተኛ ሲፈለግ ሽንኩርቱን ለእህቷ ትታ ገባች።

አሸዋ ስታመላልስ ዓይኗ እዚያ ብረት ከሚበይዱት ሽማግሌ ላይ አይነሳም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔንም ያስተምሩኝ።»

«ፍንጣሪው ልብስሽን ያቃጥለዋል።»

«ሽንኩርት ሽንኩርት ከሚሸት ቢቃጠል ይሻለዋል።»

ሰውየው ሳቁና ጭምብል አቀበሏት።

እናቷ ወሬውን ሲሰሙ እህል አልወርድ አላቸው። «ያሳደግኩሽ በእሳት ልትጫወቺ ነው?»

«እማዬ፣ ሽንኩርቱ ስንት ዘመን ሲያስለቅሰን ኖረ። ይሄኛው ቢያንስ መከለያ አለው።»

በያጁ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ለወራት አለማመዷትና ወደ ፎቁ የሚያወጣውን ደረጃ መደገፊያ ሰጧት። ጠምዛዛ የብረት ጌጥ ያለው አሮጌ ሥራ ነው፤ ጌጡ ሳይነካ ዝገት የበላው ብቻ ተቆርጦ በአዲስ መተካት አለበት። የመጀመሪያውን ክፍል በጥድፊያ ጨረሰች። ሰውየው በመዶሻ መታ ሲያደርጉት ለቀቀ።

«ሰው እኮ ይደገፍበታል» አሉ ቀስ ብለው።

እቃዋን ሰብስባ ልትሄድ ምንም አልቀራት። ነገር ግን ማን እንደሚደገፍበት ስታስብ የእናቷ የደከመ ጉልበት ፊቷ ድቅን አለ። በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ገባች፤ የበየደችውን በሙሉ ቆርጣ ጣለችና እንደ አዲስ ጀመረች። ሰውየው መዶሻውን ቢያሳርፉበት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲያ ቀሪውን ሊፈትሹ እንኳ አልመጡም።

አዳራሹ ሲከፈት ሰው ጢም ብሎ ሞላ። እናቷ ደረጃውን ሲወጡ መሃል ላይ አረፍ ብለው መደገፊያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከኋላቸው የምትወጣ ሴት «እንዴት ያለ ሥራ ነው» ስትል ሰሙ።

«የልጄ እጅ ነው» አሉ ዞር ብለው። ማንም አልጠየቃቸውም። ሲወርዱም ለሥጋ ሻጩ ነገሩ፤ ለጫማ ጠጋኙ ነገሩ፤ ለማያውቁት ሰውም ነገሩ። ልጃቸው እፍረት ይዟት ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ቆመች፤ ፊቷ ግን ፈክቷል።

ዛሬ የሽንኩርቱ መደብ የእህቷ ነው። እሷ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል የራሷን ብየዳ ቤት ከፍታለች። በቀደም አንድ ሰውዬ ማጠፊያው የተገነጠለ የብረት መስኮት ተሸክሞ መጣና እሷን አልፎ ወደ ውስጥ እያየ «በያጁ የለም እንዴ?» አለ።

ጭምብሏን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችና «መስኮቱን ወዲህ አስደግፈው» አለችው። «አንተም ቁጭ በል፤ ተራህ ሲደርስ እሠራልሃለሁ።»