የልምምዱ ሬሳ

ባለፈው ክረምት በፈቃደኝነት ሞቼ ነበር። እንጦጦ ላይ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ ተቀናጅቶ መሥራትን እንዲለማመዱ፣ ናዳ ሰው ገደለ ተብሎ ትርኢት ተዘጋጀ። ለእኔ የደረሰኝ የሟች ድርሻ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር አጋድመው በብርድ ልብስ ሸፈኑኝ።

ታዲያ ማን ያንሳኝ? አምቡላንሱ ፖሊስን ይጠብቃል፤ ፖሊስ ደግሞ እሳት አደጋን። ብርዱ አንሰፍስፎኝ ሳስነጥስ፣ "ሬሳው ይረፍ እንጂ!" ብለው ተቆጡኝ። በስንት ጭቅጭቅ ተግባቡና በወግ በማዕረግ አንስተው፣ አመስግነው ሸኙኝ።

ሰፈሬ ወሰን ስደርስ ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ለካ አንዲት የሰፈራችን ሴት በዚያ ስታልፍ ስሸፈን አይታኛለች። ብቻዬን ስለምኖር የት እንደሄድኩ የሚያውቅ የለም። እድሩ ጡሩምባ አስነፍቶ፣ አግዳሚውን ደርድሮ፣ ንፍሮውን ጥዷል። እኔ እኮ ብሞት ማን ያለቅስልኛል የምል ሰው ነበርኩ!

ከሁሉ አብልጦ ደረቱን የሚደቃው በአጥር ተጣልተን ሰላምታ የነፈገኝ ጎረቤቴ፣ ጋሽ ደምሴ ነው።

"ጋሽ ደምሴ፣ አለሁ እኮ!" አልኩት።

ጮኸ፤ አቅፎኝ አገላብጦ ሳመኝ፤ እንባውን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ጸቡ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ፊቱን አኮሳተረ።

"አጥሯን ግን ታነሳታለህ!"