የፀጉር አስተካካዩ ልጄና የከሰዓት ቡናው

ልጄ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ረጅም መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ። ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤቱ ቡና ትሸጣለች። በሁለቱ መሃል ትንሽ መስኮት አለች፤ ቡናው በእሷ ይገባል፣ ባዶው ኩባያ በእሷ ይመለሳል። ልጄን እንቅልፍ የነሳችው ያቺ መስኮት ናት።

የመጣው ደንበኛ ሁሉ ይጋብዘዋል። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም።

"ይቅርብኝ በላቸው" እለዋለሁ።

"እማዬ፣ ሰውየው አንገቱን አምኖ ሰጥቶኝ እኔ ቡናውን ልመልስበት?"

ሲገላበጥ ያድራል። ጠዋት ዓይኑ ደፍርሶ ሲነሳ ምራቴ ታዝንለትና ቡናውን ታወፍርለታለች። ከምሳ በኋላ እዚያው ወንበሩ ላይ ፎጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ያሸልባል። ሲነቃ ድብታው እንዲለቀው ደግሞ ቡና። ማታ ዓይኑ ፍጥጥ።

በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፂማቸውን ከእሱ በቀር ለማንም ሰጥተው የማያውቁትን ጡረተኛ መምህር ጆሯቸው ስር በምላጭ ጫር አደረጋቸው። "ምንም አይደል" ብለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ግን "በማሽን ይበቃኛል" ይላሉ። ልጄ የሚታወቀው በምላጭ ሥራው ነበር። ምላጩን ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ራት ላይ እጁን እያገላበጠ እያየ "እንግዲህ አበቃልኝ" አለ።

እኔ ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ሱቁ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት አንዴ ከጠጣ አይደግምም፤ ቀንም አያሸልብም። የዚያን ቀን ማታ እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው።

ስለዚህ ሱቁ ሄድኩና ከምሳ በኋላ ወንበሩን ያዝኩበት።

"እማዬ፣ ጋደም ልበልበት እንጂ።"

"እኔም ላነብበት ነው።"

ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፤ ጋዜጣ ሳነብ አንዷ ቃል ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ምራቴ ሰምታ "እማማ፣ ማታም ያንብቡለት፤ ገና በመጀመሪያው መስመር ጭልጥ ይላል" አለች። እሱ ግን እያረመኝ፣ እየሳቀብኝ ሳይተኛ ዋለ።

ልጄ፣ ቡና ሻጯ ጎረቤቱና እኔም ሦስታችን ተማከርን። ከምሳ በኋላ ለእሱ ቡና ሲታዘዝ ክዳን ባለው ኩባያ ሙቅ ውሃ እንድትሰጠው ነገርኳት።

"ሂሳቡንስ ምን ላድርገው?"

"ጠዋት ለሚጠጣው ያዢለት።"

ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰ፤ እጁም ረጋ። ምላጩን ለማውጣት ግን ድፍረት አጣ።

አንድ ቀን መምህሩ መጥተው ለሁለቱም ቡና አዘዙ። መነጽራቸውን አውልቀው ነበርና የራሳቸው መስሏቸው የእሱን ኩባያ አንስተው ተጎነጩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ልጄ አቀረቀረ። "ውሃ ነው ጋሼ። የከሰዓት ቡና እንቅልፍ እየነሳኝ ነው እጄ የተንቀጠቀጠው።"

"ታዲያ አትነግረኝም?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ።"

"እኔን ላለማስከፋት ነው ሙቅ ውሃ ስትጋት የከረምከው?" ሳቃቸው መጣ። እጁን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደኋላ ተደገፉና አገጫቸውን ቀና አደረጉ። "በል ምላጭህን አውጣ። ማሽንህ ፂሜን እንደ ቡሩሽ ነው የሚተወው።"

ልጄ መሳቢያውን ሳበ። እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ ጋዜጣዬን አጥፌ እጁን ብቻ አየሁ። ምላጩ ጉንጫቸው ላይ ወረደ፣ ጆሯቸው ስር ደረሰ፣ ዞረ፣ አንገታቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ሄደ። እጁ ንቅንቅ አላለም።

"ጋሼ፣ ጨርሻለሁ" አለ።

መምህሩ ምላጩ አንገታቸው ላይ እያለ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።