አባቴ ያነበበልኝ ገጽ

አሁን ከሚሴ አስተማሪ ነኝ። ከክፍል ወጥቼ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ ከመንገዱ የባጃጅ ጩኸት ሲመጣ፣ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች ዝምታ ይናፍቀኛል።

ላይብረሪዎቹ ብዙ ነበሩ። እኔ ከቤት ስወጣ የማውቀው የትምህርት ቤታችንን ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት መደርደሪያ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆለፍ ክፍል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ግን ለሕግ ብቻ፣ ለሳይንስ ብቻ፣ ለሕክምና ብቻ የቆመ ቤት አገኘሁ። ዋናው ባለ አራት ፎቅ ነው። በፈተና ሰሞን ቦታ ለመያዝ ገና ሳይነጋ ፈጅር ሰግደን እንሰለፍ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ አባቴ ለወገቡ ሕክምና መጣ። አባቴ ከሚሴ አጠገብ ጨፋ ላይ ማሽላና ጤፍ የሚያርስ ሰው ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ከቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ከተማውን ላሳየው ብል፣ «ከተማው ይቅር፤ የምትማሪበትን አሳዪኝ» አለኝ።

ዋናው ላይብረሪ በር ላይ ጥበቃው ያለ መታወቂያ አይገባም አለ። ከሩቅ መምጣቱን ነግሬ ብለምነውም ሕግ ነው አለኝ። የሕጉም፣ የሳይንሱም እንደዚያው ሆኑ። አባቴ በየደረስንበት በመስታወቱ ወደ ውስጥ እያየ፣ ልጆቹ እንዲህ ዝም ብለው ሲውሉ አይጨንቃቸውም ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ አፍሬያለሁ። ከየበሩ በመመለሳችን ይሁን በአባቴ ሽርጥ፣ ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

የቀረን የድሮ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ትንሹ ቤት ነበር። ኃላፊዋ ጠና ያለች ሴት ናት። ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ከከሚሴ ስላት ለአባቴ ወንበር ሳበችለትና፣ «አባባ፣ ይቀመጡ፤ ከአገርዎ የመጣ ነገር አለን» አለችው። ከውስጥ ክፍል ጠርዙ የተበላ ጥራዝ ይዛ መጣች። በዐረብኛ ፊደል በእጅ የተጻፈ ነው።

አባቴ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ቢስሚላህ ብሎም ገለጠው። መጀመሪያ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ድምፁ ወጣ። መንዙማ ነበር፤ አንዱ ስንኝ ዐረብኛ፣ የሚቀጥለው አማርኛ፣ ደግሞ ኦሮምኛ። በልጅነቱ ሸኾቹ ዘንድ እንደቀራ፣ የዐረብኛውን ፊደል እንደተማረ አውቃለሁ፤ ቤት ውስጥ ቁርኣን ይዞ ሲቀመጥም አይቼው አድጌያለሁ። ያንን ግን ማንበብ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። ኃላፊዋ ቀስ ብሎ እንዲደግምላት እየለመነችው በእርሳስ ጻፈች። እኔ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ፣ ከገጹ ላይ አንዲት ቃል መለየት ሳልችል አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ዞሮ ቤቱን አየው። ከዚያ፣ «ኢንተላ ኮ፣ የእኛም አለ ለካ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው።

ተመርቄ ከተመለስኩ በኋላ አረፋ በመጣ ቁጥር ወደዚያች ትንሽ ቤት መቼ እንደምንሄድ ይጠይቀኝ ነበር። አንዴ ሥራ በዛብኝ፣ አንዴ መንገዱ ተዘጋ፤ ለከርሞ ኢንሻአላህ እያልኩ አቆየሁት። አባቴ ማሽላው ሳይታጨድ አረፈ።

ላይብረሪዎቹ ዛሬም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ብሄድ አገኛቸዋለሁ። ጥራዙንም ምናልባት ያወጡልኛል። የሚያነብልኝ ግን የለም። ያን ቀን ስልኬ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ድምፁን ልቅዳ ብዬ አላሰብኩም።