ሚዛኑና የእናቴ ቅቤ

ጎሚስታ ነኝ። ኢተያ፣ መንገድ ዳር፣ ጎማ ስነቅልና ስለጥፍ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። አልላላ ያለ ብሎን ካጋጠመኝ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ በእግሬ እቆምበታለሁ፤ እምቢ ካለ እሰድበዋለሁ። እስካሁን ስድብ ያላላው ብሎን የለም፤ እኔን ግን ቀለል ያደርገኛል። ይህን የማወራው ቁጭ ማለት የሚባል ነገር ተፈጥሮዬ ውስጥ እንደሌለ እንዲታወቅልኝ ነው። እኔ ሰውዬው አሰላ ሆስፒታል ውስጥ ሸሚዜን ከፍቼ አሥራ አንድ ቀን ቁጭ አልኩ።

ልጃችን ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው። ሚስቴ ደም ግፊት ተነስቶባት በኦፕራሲዮን ወለደች፤ እሷ ሌላ ክፍል ተኝታ ቀና ማለት እንኳ አልቻለችም። ልጅቷ ሚዛን ላይ ስትወጣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነች። ሱቄ ውስጥ ከዚያ የሚከብድ ቁልፍ አለኝ። ሲስተሯ ቀጠን ያለች፣ አንዴ የተናገረችውን የማትደግም ሴት ነች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አባት፣ ሳል ምናምን የለብህም?» አለች። የለብኝም አልኩ። «እንግዲያው እናቷ እስክትነሳ ማሞቂያዋ አንተ ነህ።»

እጄን እንድታጠብ ላከችኝ። የጎማው ጥላሸት አልለቅ ብሎ ሦስት ጊዜ መለሰችኝ። ከዚያ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ ያደረገችውን ልጅ ራቁት ደረቴ ላይ በደረቷ አስተኛቻትና ሁለታችንንም በጨርቅ ጠፈረችን። ካንጋሮ ነው የሚሉት። ሕጉ አጭር ነበር። የእናቷ ወተት ታልቦ፣ በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ በየሁለት ሰዓቱ ይሰጣታል። ከዚያ ሌላ ምንም ነገር በአፏ አይገባም። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም።

«እንዲህ ያሉ ልጆች አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ» አለች ሲስተሯ። «ዝም ካለችብህ ውስጥ እግሯን በጣትህ መታ መታ አድርግ፤ ታስታውሳለች።»

መተንፈስ ይረሳሉ! ይህን ከሰማሁ በኋላ እኔም እሷን ሳይ መተንፈስ እየረሳሁ ተቸገርኩ። ሌሊት ጥቂት ሰዓት መሣሪያ ሥር ያስተኟትና «ሂድ ተኛ» ይሉኛል፤ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ አምስት እናቶች አሉ፤ ወንድ እኔ ብቻ። በመጋረጃ ከለሉኝ። ከመጋረጃው ማዶ ሆነው «ጎሚስታው፣ ጡት አወጣህ ወይ?» እያሉ ይስቁብኛል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን ሳቃቸው ሲጠፋ መፍራት ጀመርኩ፤ ሳቅ የጠፋ ቀን የአንዷ ልጅ ሚዛን ቀንሷል ማለት ነው።

የሁላችንም ነገር ያለው በጠዋቱ ሚዛን ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን የእኔዋ አንድ ኪሎ ከመቶ ስልሳ ሆነች። በሦስተኛው ከመቶ ሠላሳ። «መጀመሪያ ላይ መቀነስ ያለ ነው» አለች ሲስተሯ። በአራተኛው አንድ ኪሎ ከመቶ፤ ይህን ጊዜ ሲስተሯ ቁጥሩን ጽፋ ወደ ሌላዋ አልጋ አለፈች። ሚዛኑን በእርግጫ ልለው ቃጣኝ። የሱቅ ሸሪኬ እንድበረታ ብሎ በስልክ የስኬት ንግግር ይልክልኛል፤ ከረባት ያሰረ ሰውዬ «ተነስ! የተቀመጠ ሰው የትም አይደርስም!» እያለ ይጮኻል። እኔ የታዘዝኩት ደግሞ እንዳልነሳ ነው። እህቴ ደውላ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። እኔ የምፈራው ሳይሄድ እንዳይሰበር ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። ተስፋ አልቆረጥኩም ብል ውሸት ነው፤ በየጠዋቱ ቆርጫለሁ። ግን ልጅቷ ደረቴ ላይ ታስራለች፤ ተስፋ ቆርጬስ የት ልሄድ?

በአምስተኛው ቀን እናቴ ከጮሌ መጣች። በዚያ የክረምት ጭቃ ሁለት መኪና ቀይራ፣ በትንሽ ቅል ለጋ ቅቤ ይዛ። እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ቅቤ ያስውጡታል፤ አንጀቱን ያለሰልሳል ይባላል። እናቴ ሰባት ወልዳ ለሰባቱም አስውጣለች። መጋረጃውን ገልጣ ልጅቷን አየቻት። ከዚያ ጣቷን ቅሉ ውስጥ ነክራ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ልጅቷ አፍ ዘረጋች።

«አዮ፣ ተዪ!» አልኳት። እናታችንን የምንጠራት አዮ ብለን ነው።

«ምላሷ ላይ ትንሽ ጠብ ላድርግላት። አንጀቷ ደርቆ እኮ ነው የምትከሳው፣ ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ!»

«ተከልክሏል።»

«ማነው የከለከለው? ያቺ ሲስተር? ለመሆኑ ስንት ወልዳለች? እናንተን ሁላችሁን በምን ያሳደግኩ ይመስልሃል?»

እጇን አልመለሰችም። ቅቤው ጣቷ ላይ መቅለጥ ጀመረ፤ አንዲት ጠብታ የልጅቷ ኮፍያ ላይ ወደቀች። አምስት ቀን አልተኛሁም። ሚዛኑ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አላየሁም።

«ሁላችንን?» አልኩ። «ሁለቱንስ የት አደረስሻቸው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች በጨቅላነታቸው ሞተውባታል፤ ቤታችን ውስጥ ስለ እነሱ ተወርቶ አያውቅም። እናቴ ጣቷን በሻሿ ጠረገች፤ ቅሉን ከደነች፤ ጥግ ወዳለው ዱካ ሄዳ ተቀመጠች። ከደረቷ ሙስበሃዋን፣ የዚክር መቁጠሪያዋን፣ አወጣችና አንድ አንድ ፍሬ መቁጠር ጀመረች። እየረገመችኝ ነው አልኩ በልቤ። ብትረግመኝም አልፈርድባትም።

አልሄደችም። ቅቤውን ለሚስቴ ገንፎ አዋለችው፤ የታለበውን ወተት ታመጣለች፤ ተመልሳ ዱካው ላይ ትቀመጥና ሙስበሃዋን ትቆጥራለች። እኔን ግን አታናግረኝም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ታዞራለች፤ ጭላሎ ደግሞ በዚያ ሰሞን በደመና ተሸፍኖ አይታይም። በስድስተኛው ቀን ሚዛኑ አንድ ኪሎ ከመቶ ላይ ቆመ። በሰባተኛውም እዚያው። በሰባተኛው ቀን ለልጅ ስም ይወጣል፤ ማናችንም ስለ ስም አላነሳንም።

በስምንተኛው ቀን ከቀትሩ የዙህር አዛን በኋላ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። የቆርቆሮው ጩኸት የገዛ ድምፄን እንኳ አያሰማኝም። ልጅቷ ትንፋሽ እንዳላት የማውቀው ደረቴ ላይ በሚሰማኝ ሙቀት ብቻ ነበር። ከንፈሬን ነከስኩ፤ ጭኔን ቆነጠጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የቀሰቀሰኝ የእናቴ ክንድ ነው። ላዬ ላይ ተደፍታ፣ እጇን ጨርቁ ውስጥ ሰዳ የልጅቷን እግር ትመታለች። የልጅቷ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። «ተንፍሺ» ትላለች እናቴ፣ «ተንፍሺ፣ የኔ እናት፣ ተንፍሺ።» መታ፣ መታ፣ መታ። ልጅቷ ውርጭ እንደነካው ሰው አንዴ ተንዘፈዘፈች፤ ቀጭን ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ አለቀሰች። ሲስተሯ ሮጣ መጥታ ኦክስጅን አደረገችላት። ከንፈሯ ቀስ እያለ ቀላ።

በማግስቱ ሚዛኑ አሥራ አምስት ግራም ጨመረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሚስቴ ተነስታ ልጇን ከደረቴ ተረከበች። ዛሬ ያቺ ልጅ ሱቄ ውስጥ ጎማ ታንከባልላለች፤ ቁልፌን ትደብቅብኛለች። እኔ ግን አሁንም የሚታየኝ ያ ዝናብ ያባራበት ሰዓት ነው።

«በዚያ ዝናብ እንዴት ሰማሽ?» አልኳት እናቴን። ከሦስት ቀን በኋላ ዓይኔን ስታየኝ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው።

«አልሰማሁም። ስቆጥር ነበር።»

«ዚክር?»

«ትንፋሿን። ጨርቁ ከፍ ሲል አንድ ፍሬ፣ ከፍ ሲል አንድ ፍሬ። ከመጣሁ ጀምሮ። ሁለተኛው ልጄ ጭኔ ላይ ነው የሄደው። የተኛ መስሎኝ፣ እንዳይነቃ ብዬ ንቅንቅ ሳልል ዋልኩ። እግሩን ምቺው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

አለቀስኩ። ሴቶቹ ሰምተውኛል፤ ይስሙ። «አዮ፣ ይቅር በይኝ» ስላት ብድግ ብላ ጨርቁን ልጅቷ ላይ አስተካከለች፤ ለዙህር እንዳልሰገደች፣ ሰዓቱ ሳያልፍባት መስገድ እንዳለባት ነገረችኝና ሙስበሃውን ወደ እኔ ዘረጋች። የልጅቷ ትንፋሽ የቆመበትን ፍሬ በአውራ ጣቷ እንደያዘች ነበር። እኔም ፍሬዋን በጣቴ ተቀበልኳትና ከዚያው ቀጠልኩ።