«ጀርባህ የት ሄደ?»

አክስቴ ጡረታ ከወጣች በኋላም የስፖርት መምህርነቷን አልተወችም። ቅዳሜ ጠዋት የአሰላ ሰፈራችንን ልጆች ግቢዋ ውስጥ ሰብስባ፣ ባዶ ጀሪካን እየመታች የአርሲን ጭፈራ ታስጨፍራቸው ነበር፤ ስልክና ደብተር ላይ ሲያቀረቅሩ የጎበጠ ትከሻቸው እንዲቃና። የጎበጠ ልጅ ካየች መዳፏን ጀርባው ላይ ታሳርፍና አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ «ጀርባህ የት ሄደ?» ትለዋለች።

ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ይህን አይወዱም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ጭፈራ ዓለማዊ ነው ባይ። አንድ ቅዳሜ በሩን በርግደው ገቡና «በአባታችን ግቢ ዳንኪራ? አቁሚ!» ብለው ጮኹ። ልጆቹ ደነገጡ። እሷ ግን መምታቷን አላቆመችም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ቀና ብለው መቆም ይልመዱ፤ ከዚያ እርስዎ ያዘምሯቸው።»

ተቆጥተው ወጡ። እስክትሞት ድረስ ግቢዋን አልረገጡም።

የተመለሱት ለለቅሶዋ ነው። ድንኳኑ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ ተደፍተው ተቀመጡ። ጀሪካኑ በረንዳው ላይ እንዳለ ነው፤ የሚነካው የለም። አክስቴ ታስጨፍራቸው ከነበሩት ልጆች ትንሿ ተነስታ ከአጎቴ ኋላ ስትቆም ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባትም። መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳረፈች።

«አባባ፣ ጀርባዎ የት ሄደ?»

ይቆጧታል ብለን ስንሰጋ፣ አጎቴ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ፊታቸውን ያየነው ያኔ ነው፤ ለካ ከመጡ ጀምሮ ሲያለቅሱ ነበር።